ከአሶሳ የመጣ ደብተር

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምጽፍላችሁ ከሰሌዳ ፊት ቆሜ ያየሁትን ነው። የዛሬው ነገር ግን ከእኔ ክፍል ርቆ፣ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በመንዲና በባምባሲ በኩል አልፈው ከሚደርሱበት ከአሶሳ አገር የመጣ ነው። ቀድሞ ያስተማርኋት፣ ዛሬ አዋላጅ ነርስ ለመሆን በዚያ የምትማር አንዲት ልጅ ባለፈው ነሐሴ ወደ ወላጆችዋ በተመለሰች ጊዜ ልትጠይቀኝ መጣች። ከቦርሳዋም ጥግ ጥጉ ዝናብ የመታው ደብተር አውጥታ ከፊቴ አኖረች። «የኔታ፣ ለማኅበረሰብ አገልግሎት ወደ ገጠር ልከውን ነበር። ያየሁትን ጽፌዋለሁ፤ ያጠፋሁትንም አልደበቅሁም። ያንብቡትና ይምከሩኝ» አለችኝ።

ደብተሩን በሁለት ሌሊት አነበብሁት። ዳሩ ግን ምክር ያገኘሁበት ለእርስዋ ሳይሆን ለራሴ ስለ ሆነ፣ ፈቃድዋን ጠይቄ፣ ስምዋንና የመንደሩን ስም ትቼ ነገሩን ለእናንተ ላካፍል አሰብሁ።

አገሩን ለማያውቅ ጥቂት ልበል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ የተባሉት ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ይኖራሉ፤ ይልቁንም በ1977 ዓ.ም. በረኀቡ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ አያሌ ቤተ ሰቦች በአሶሳ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰዋል። ምድሩ ቀርቀሃ የሞላበት፣ ማንጎ የሚያፈራ፣ ወርቅም ከወንዝ አሸዋ እየታጠበ የሚወጣበት ነው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የዓባይ ግድብም በዚሁ ክልል በጉባ ወረዳ ይገኛል። የጉሙዝና የበርታ ሴቶች እንደ እኛ እናቶች እንስራውን በጀርባቸው አያዝሉም፤ ረዘም ያለ እንጨት በትከሻቸው ላይ አጋድመው በአንደኛው ጫፍ ውኃውን፣ በሌላው ጫፍ ማገዶውን ወይም እህሉን አንጠልጥለው፣ ሚዛኑን ጠብቀው ይሄዳሉ። ልጂቱም በደብተርዋ መጀመሪያ ገጽ ላይ፦ «ልሞክር ብዬ ተሸከምሁ፤ ሃያ እርምጃ ሳልሄድ ውኃው ፈሰሰብኝ፤ ሴቶቹም እስኪበቃቸው ሳቁ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ያነጋግሩኝ ጀመር» ብላ ጽፋለች።

ከካማሺ ዞን ወደ አንዱ የጉሙዝ መንደር የሄዱት አምስት ተማሪዎች ሆነው ነበር። በእጃቸው በሥዕል የተዘጋጀ ትምህርት፣ በአፋቸውም «በጤና ጣቢያ ውለዱ» የሚል ቃል ይዘዋል። ቃሉ እውነተኛ ቃል ነው። በ1992 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ100 ወሊዶች መካከል በጤና ድርጅት የተፈጸሙት 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ደርሰዋል። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱት እናቶችም በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ሲቈጠሩ በ1992 ዓ.ም. 871 የነበሩት በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርደዋል። ለዚህም በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶችን አሠልጥኖ ያሰማራው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ታላቅ ድርሻ አለው። እንግዲህ ተማሪዎቹ የያዙት ቃል ብዙ ነፍስ ያዳነ ቃል ነበር። የጎደላቸው ሰሚዎቻቸው ምን እንደሚፈሩ ማወቅ ነበር።

በጉሙዝ ዘንድ ከቀድሞ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ፣ ዛሬ እየላላ ቢሄድም ገና ያልጠፋ አንድ ልማድ አለ። የወሊድ ደም በቤት ውስጥ ቢፈስስ በቤተ ሰቡ ላይ መዓት ያመጣል ተብሎ ስለሚፈራ፣ ምጥ የያዛት ሴት ብቻዋን ወደ ዱር ወይም ወደ ወንዝ ዳር ትወጣለች፤ ብቻዋን ትወልዳለች፤ እትብቱንም ራስዋ ትቈርጣለች። ተማሪዎቹ ንግግራቸውን በፈጸሙ ጊዜ አንዲት አሮጊት በአስተርጓሚ አፍ እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦ «በባልዋ ቤት እንዳይፈስስ የምንፈራው የልጄ ደም በእናንተ አልጋ ላይ ቢፈስስ መዓቱ በማን ላይ ይሁን? ወንዙስ በሐምሌ ሲሞላ በምን ትሻገረዋለች?» ለሁለተኛው ጥያቄ ተማሪዎቹ መልስ አልነበራቸውም። የመጀመሪያው ደግሞ ጥያቄ መሆኑም አልገባቸውም ነበር።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ለመሳቅ አንቸኩል። በእኛም ቤት አራስ ወንድ ብትወልድ 40፣ ሴት ብትወልድ 80 ቀን ቈጥራ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደምትገባ ሁላችን እናውቃለን። የመንጻት ቀን መቍጠርን የምናውቅ ሰዎች የጉሙዝዋን እናት ልንረዳት እንጂ ልንንቃት አይገባንም። ልዩነቱ የእኛዋን አራስ ጎረቤት ገንፎ አገንፍቶ፣ እልል ብሎ የሚከብባት መሆኑ ነው። የዚያችኛዋ አደጋ ግን ብቻዋን መሆንዋ ነው፤ ደም ሲፈስሳት የሚያይላት፣ ሕፃኑ መንገድ ቢስት የሚጮኽላት ሰው የለም።

ለአሮጊቷ መልስ የሰጡት በጤና ጣቢያው ብዙ ዓመት የሠሩት አዋላጅ ነበሩ። ከጤና ጣቢያው አጠገብ የእናቶች ማቆያ ቤት አለ፤ የመውለጃዋ ቀን የቀረበ ሴት ወንዙ ሳይሞላ አስቀድማ መጥታ ከሌሎች እርጉዞች ጋር ትቀመጥበታለች። አዋላጇም ለሴቶቹ «ይህ ቤት የማንም ባል ቤት አይደለም፤ የማንንም ጎጆ አያረክስም» ብለው ነገሯቸው። በዚህ በአንድ አነጋገር የደሙም የወንዙም ጥያቄ ተመለሰ። ተማሪዬም፦ «እኛ በሁለት ሳምንት ስብከት ያላገኘነውን እርሳቸው በአንድ ቃል አገኙት፤ እርሳቸው ቀድመው ሰምተው ነበርና» ትላለች።

የደብተሩ ከባድ ክፍል ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አስተርጓሚያቸው የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የዚያው መንደር ልጅ ነበረች። በጉሙዝ ዘንድ ከኖሩት የጋብቻ ሥርዓቶች አንዱ የልውውጥ ጋብቻ ነው። ይኸውም አንድ ጎልማሳ ሚስት ሲያገባ በጥሎሽ ፈንታ የገዛ እኅቱን፣ እኅት ባይኖረው ከጎሣው አንዲት ልጅ፣ ለሚስቱ ወገን ይሰጣል። ሁለቱ ጋብቻዎች በአንድ እንጨት ጫፍና ጫፍ እንደ ተንጠለጠሉ ሸክሞች ናቸው፤ አንደኛዋ ትታ ብትወጣ ሁለተኛዋንም ዘመዶችዋ ይመልሷታል፤ ምትክ ያልተገኘ እንደ ሆነም ጠቡ በጎሣና በጎሣ መካከል ደም እስከ መፋሰስ ሊደርስ ይችላል። የአስተርጓሚዋ ታላቅ ወንድም አግብቶ ልጅ ወልዷል፤ ልዋጩ ግን ገና አልተሰጠም ነበር። ልዋጯ እርስዋ ነበረች።

ተማሪዬ ይህን በሰማች ጊዜ የምታውቀውን ሁሉ ነገረቻት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ጋብቻ በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት መደንገጉን፣ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅን ማጋባት እንደሚቀጣ አስረዳቻት። «እንቢ በዪ» አለቻት። ልጅቷም እንቢ አለች። በሳምንቱ የወንድምየው ሚስት ዘመዶች መጥተው ልጃቸውን ወሰዱ፤ ገና መራመድ የጀመረው ሕፃን በእናቱ ጀርባ ሆኖ ወደ ኋላው እያየ ሄደ። አባቱ ከደጁ ተቀምጦ ቀረ። የልጆቹ እናት ተማሪዎቹ ወዳሉበት ቤት መጥተው፣ ምንም ቃል ሳይናገሩ ቆመው ቆመው ተመለሱ። «ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» ብላ ጽፋለች ተማሪዬ።

የጠየቀችኝ ምክር ይህ ነበር፤ «አጥፍቻለሁን?» የሚል። እኔም ደብተሩን ዘግቼ ብዙ አሰብሁ። ልጅቷ እንቢ ማለትዋ ስሕተት አይደለም፤ ሕጉም ስሕተት አይደለም። ሰው በሰው አይለወጥም። ነገር ግን እውነትን መናገር አንድ ነገር ነው፤ የእውነቱን ዋጋ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ መጠየቅ ደግሞ ሌላ ነው። ተማሪዎቹ ምክሩን ሲሰጡ ዋጋውን የከፈሉት ሁለት ወጣት ሴቶችና አንድ ሕፃን ሆኑ። በዚያ ክልል ሙጀጀጓ ሎካ የተባለው የሴቶች ልማት ማኅበር ስለዚህ ጋብቻና በዱር ስለ መውለድ ለዓመታት ሲያስተምር ቆይቷል፤ ሥር የሰደደ ልማድ በአንዲት ልጅ አንገት ላይ ብቻ ተጭኖ የሚነቀል አለመሆኑን እንዲህ ያለው ረጅም ድካም ያስረዳል።

ተማሪዬም ይህን ዘግይታም ቢሆን ተረዳች። በቀሩት ቀናት ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርና ከወረዳው የሴቶች ጉዳይ ሠራተኛ ጋር ሆና ወደ ሁለቱ ጎሣዎች ሽማግሌዎች ሄደች፤ የመጀመሪያው ጋብቻ በልጅ ፈንታ በካሣ ይጸና እንደ ሆነ ለመኗቸው። ሽማግሌዎቹም «እህል ከተሰበሰበ በኋላ እንቀመጥበታለን» አሉ። እስከዚያው ልጅቷ በአክስትዋ ቤት ሆና እንድትማር ተፈቅዷል። ደብተሩ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

የተማረውን ወጣት ወደ ገጠር ልኮ ማገልገል ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ጀመሩ፤ ብዙዎቹም አስተማሪዎች ሆነው ሄዱ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ሁሉም ለአገሩ የየራሱን ፍሬ ትቷል። ዳሩ ግን ወጣቱ ሊያስተምር ብቻ ሳይሆን ሊማርም እንደሚሄድ ቶሎ የሚረሳ ነገር ነው።

እናቴ ፊደል የቈጠረችው በዚያ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ስምዋን መጻፍ ተማረች፤ ከዚያ ግን አላለፈችም። ትምህርቱ የሚሰጠው ማታ፣ ላም በሚታለብበትና እራት በሚሠራበት ሰዓት ነበር። «እራቱን ማን ይሥራላት?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም ከፍ ብዬ ዳዊት ስደግም ውኃ የምትቀዳው ታናሽ እኅቴ ነበረች። እኔ ዲቁና በተቀበልሁበት ዓመት እርስዋ በ14 ዓመትዋ ተዳረች። ይህም የእኛ ቤት ነገር ብቻ አልነበረም፤ በ2003 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነ የአማራ ክልል ሴቶች እኩሌታዎቹ 15 ዓመት ሳይሞላቸው ያገቡ ሆነው ተገኝተዋል። ለመስቀል አገር ቤት በሄድሁ ጊዜ የደብተሩን ታሪክ ለእኅቴ ባጫውታት፣ ዝም ብላ ሰምታ፦ «ያቺ ልጅ እንኳ እንቢ በዪ የሚላት ሰው አግኝታለች» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም፤ ተነሥታ ቡናውን ቀዳች።

እንግዲህ በእኛ ቤት በስም አልተጠራም እንጂ ልዋጭ ነበረ። የእርስዋ እንስራ ለእኔ ዳዊት ተለወጠ። እኔም ለሃያ ዓመታት ከሰሌዳ ፊት ቆሜ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት የተሳሳተ መሆኑን ሳስተምር፣ የራሴን ዕውቀት በማን ትከሻ ላይ ቆሜ እንዳገኘሁት አላሰብሁም ነበር።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ከእንዲህ ያለው አገልግሎት ሲመለሱ «ስንት ሰው አስተማራችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁአቸው፤ «ምን ብለው ጠየቁአችሁ? መልስስ ያጣችሁለት የትኛው ነው?» በሉአቸው። አገልግሎቱም ከሩቅ አገር አይጀምር። በየቤታችን ወንዱ ልጅ ጥናቱን ሲያጠና ሳሕን የምታጥበው ማን ናት? ከገጠር መጥታ በወጥ ቤታችን የምታድረው ልጅ የማታ ትምህርት የምትሄድበትን ሰዓት ለይተንላታል ወይስ ትምህርቱና እራቱ በአንድ ሰዓት ሆኖባታል? ሰዓቱን ሳይለዩ «ተማሪ» ማለት እናቴን እንደ ጠሩአት መጥራት ነው። ሴት ልጃችን ለጋብቻ ስትጠየቅስ አስቀድመን ፈቃድዋን የምንሰማው ከእርስዋ አንደበት ነው ወይስ ከሽማግሌዎቹ?

ተማሪዬ በጥቅምት ወደ አሶሳ ተመልሳለች። ከመሄድዋ በፊት ለጥያቄዋ የሰጠኋት መልስ አጭር ነው፦ «ያጠፋሽው ቀድመሽ ባለ መስማትሽ ነው እንጂ በመናገርሽ አይደለም። አሁንም ሽማግሌዎቹ በሚቀመጡበት ቀን አትቅሪ፤ ያቺን ልጅ አንቺ ነሽና የላክሻት ብቻዋን አትተያት» አልኋት። እርስዋም እንደምትሄድ ቃል ሰጥታኛለች። በዚያ አገር ማሽላው የሚሰበሰብበት ጊዜ እየቀረበ ነው። ደብዳቤዋ ሲደርሰኝ የሆነውን እጽፍላችኋለሁ፤ እስከዚያው ሁላችን በየቤታችን እንስራውን ማን እንደሚሸከም እንመልከት።