ሂስ ወይስ ሌባሻይ?

ኪነ ጥበብ ያለ ሂስ አያድግም የሚለው አባባል ለዚህ መጽሔት አንባቢ አዲስ አይደለም። በየመድረኩ እንናገረዋለን፤ በየመጽሐፉ መግቢያ እንጽፈዋለን። ይሁንና ነገሩን እዚያ ላይ መቁረጥ ስለ ለመድን ቀሪው ተረስቷል። ሂስም ራሱ ያለ ሥነ ምግባር ሂስ ሊሆን አይችልም። ስሙን ደብቆ፣ ሥራውን ትቶ ሠሪውን የሚያሳድድ ነቀፌታ አያቶቻችን አሳምረው የሚያውቁት፣ ዘመን የሻረው ሌላ ሥርዓት ነው። ያም ሥርዓት ሌባሻይ ይባል ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ለይቶ ማሳየት፣ እንዲሁም በሁለቱ መካከል ቆሞ «እኔን አያገባኝም» የሚለውን ወገን መሞገት ነው። ከዚህ ወገን ራሴን አላወጣም።

ለሙግቱ መነሻ ያደረግሁት ብዙዎቻችን የልጆች ዋዛ ነው ብለን የናቅነውን የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በአማኑኤል በኩል ወደ ጂጋና ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወስደው መንገድ ደምበጫን አቋርጦ ያልፋል። በከተማችን ወጣቶች ሰብሰብ ብለው በየተራ እየከፈሉ የሚጫወቱበት ፕሌይ ስቴሽን ቤት አለ። አንድ መምህር ወዳጄ በዚያ በር ስናልፍ ቆም ብዬ ስመለከት አይቶ፣ «አንተ ባለ ተውኔት፣ ስለ ጌም ልትጽፍ ነው እንዴ?» ሲል ሳቀብኝ። እኔ ግን የሚያስቅ ነገር አልታየኝም። ጨዋታው ታሪክ አለው፤ ሥዕልና ሙዚቃ አለው፤ ገጸ ባሕርይና ግጭት አለው። ወጣቱ በእኛ ቴአትር አዳራሽ ከሚያሳልፈው ምሽት ይልቅ በዚያች ጠባብ ክፍል የሚያሳልፈው ይበልጣል። በአገራችንም ቢሆን የዚህ ጥበብ ሠሪዎች ብቅ ብለዋል። አዲስ አበባ ውስጥ «ቅኔ ጌምስ» የተባለው ድርጅት ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮን የሚያስሮጠውን «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፤ የገበታን ጨዋታም ወደ ስልክ አምጥቷል። እነዚህን ሥራዎች መርምሮ፣ ጥሩውን ጥሩ፣ ደካማውን ደካማ የሚል ሐያሲ ግን የታለ? ሐያሲው በሌለበት ሜዳ ማን እንደሚገባ ከሌላው ዓለም ታሪክ መማር እንችላለን።

በ2005 ዓ.ም. ዞኢ ኩዊን የተባሉ አሜሪካዊ የጨዋታ ደራሲ «ዲፕሬሽን ክዌስት» የተሰኘ ሥራ አቀረቡ። ተኩስና ሩጫ የሌለበት፣ በድባቴ የታመመ ሰው በየዕለቱ የሚገጥመውን ምርጫ በጽሑፍ የሚያሳይ ጨዋታ ነው። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. የቀድሞ የፍቅር ጓደኛቸው የግል ሕይወታቸውን የሚዘረዝር ረጅም ጽሑፍ አደባባይ አወጣ። ከዚያ ጽሑፍ አንድ ወሬ ተመዘዘ፤ ደራሲው ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር በነበራቸው ቅርበት መልካም ሂስ አገኙ የሚል። ጋዜጠኛው የሚሠራበት «ኮታኩ» የተባለው ተቋም ነገሩን መረመረ። ጋዜጠኛው ያንን ጨዋታ ከቶ አልገመገመውም ነበር። በፍቅር ተገዛ የተባለው ሂስ ጨርሶ አልተጻፈም።

እውነቱ ሲገለጥ ወሬው መቆም ነበረበት። አልቆመም። «ጌመርጌት» የሚል መጠሪያ ወጣለት፤ «እኛ የምንታገለው ለጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር ነው» የሚል ዓርማም አነገበ። በዓርማው ጥላ ሥር የኩዊን አድራሻና ስልክ ተበተነ፤ የግድያ ዛቻ ወረደባቸው፤ ቤታቸውን ጥለው ሄዱ። በጨዋታዎች ውስጥ ሴት እንዴት እንደምትሣል በተከታታይ ፊልም ይተነትኑ የነበሩት አኒታ ሳርኪሲያን በዚያው ወር ከቤታቸው ለመውጣት ተገደዱ። በጥቅምት 2007 ዓ.ም. በዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ንግግር ሊያደርጉ ሲሰናዱ፣ በአዳራሹ እልቂት እንደሚፈጸም የሚዝት ስም የለሽ ደብዳቤ መጣ። የግዛቱ ሕግ ፈቃድ ያለው ሰው መሣሪያ ይዞ እንዲገባ የሚፈቅድ በመሆኑ ፖሊስ ታጣቂ እንዳይገባ መከልከል እንደማይችል አስታወቀ፤ ንግግሩም ተሰረዘ። በዚያው ወር ብሪያና ዉ የተባሉ ሌላ የጨዋታ ሠሪም በዛቻ ምክንያት ቤታቸውን ለቀቁ።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «የተነሣው ጥያቄ ግን ተገቢ ነበር፤ የጨዋታ ጋዜጠኝነት ከሠሪዎቹ ጋር መሻረኩ እውነት አይደለምን?» ሊል ይችላል። እውነት ነው። እንዲያውም ከዚያ ክርክር በኋላ «ኮታኩ» እና «ፖሊጎን» ጋዜጠኞቻቸው ለጨዋታ ሠሪዎች ስለሚሰጡት የገንዘብ ድጋፍ ጥብቅ ደንብ አውጥተዋል። መጠየቅ ያለበት ግን ትልቁ ሽርክና የት ነው የሚለው ነው። በኅዳር 2000 ዓ.ም. ጄፍ ገርስትማን የተባሉ ሐያሲ «ጌምስፖት» ከተባለው ተቋም ተባረሩ። የተባረሩት «ኬን ኤንድ ሊንች» የተሰኘውን ጨዋታ ነቅፈው ከጻፉ በኋላ ነው፤ የጨዋታው አሳታሚ ደግሞ በዚያው ገጽ ላይ ሰፊ ማስታወቂያ ያስነግር ነበር። ገርስትማን በ2004 ዓ.ም. ለመናገር ሲፈቀድላቸው፣ አስተዳዳሪዎቹ ለማስታወቂያ ሰጪዎች ግፊት መንበርከካቸውን ገለጡ። የሥነ ምግባር ጥያቄ ማለት ይህ ነው! በብዕርና በእንጀራ መካከል ገንዘብ ገብቶ የሚያዝዝበት ቦታ ይህ ነው። በወቅቱ ቁጣ ነበረ፤ ይሁን እንጂ እንደ 2006ቱ ያለ፣ ሰዎችን ከቤታቸው የሚያፈናቅል፣ ወራት የፈጀ አደን አልተከተለም። ባለ ብዙ ሚሊዮኑ ኩባንያ በስብሰባ አዳራሹ ተቀምጦ ሳለ፣ ጨዋታውን በነጻ የሚያድል አንድ ደራሲ ግን ከቤቱ ተሰደደ።

ከዚህም የባሰው ገና ይመጣል። በመስከረም 2007 ዓ.ም. እነዚሁ «የሥነ ምግባር ታጋዮች» አንድ የማይወዱት ጽሑፍ ስለ ወጣበት ለኢንቴል ኩባንያ የደብዳቤ ጎርፍ አዘነቡ። ኩባንያው «ጋማሱትራ» ከተባለው ገጽ ማስታወቂያውን አነሣ፤ ኋላም ይቅርታ ጠይቆ መለሰው። እንግዲህ ልብ እንበል፦ ገርስትማንን ያባረረው በትር የማስታወቂያ ገንዘብ ነበር፤ ለሥነ ምግባር ቆምን ያሉት ሰዎች ያነሡትም ያንኑ በትር ነው። ዓርማውና ሥራው እንዲህ ሲጣሉ ምስክር መጥራት አያሻም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ሌባሻይ ምን ነበር? ንብረት ሲጠፋ አንድ ልጅ የሚያሰክር መጠጥ ይጠጣል። ልጁ እየተንገዳገደ በመንደሩ ይነዳል፤ ሰዉም ይከተለዋል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ምስክር የለም፤ መልስ የለም፤ ከሳሹም ማን እንደሆነ አይታወቅም። ልጁ አላወቀም፤ ተከታዩም «እኔ ተከተልሁ እንጂ አልከሰስሁም» ይላል። ዛሬ ልጁን የሚያሰክረው መጠጥ ስልካችን ውስጥ ነው። ቁጣን የቀሰቀሰ ጽሑፍ ብዙ ዓይን ይስባል፤ ብዙ ዓይን ደግሞ ለገጹ ባለቤት ኩባንያ ብዙ ማስታወቂያ ይሸጣል። የሚንገዳገደው ልጅ ማን ቤት እንደሚወድቅ ኩባንያው ግድ የለውም፤ ሕዝቡ ተከትሎ መሮጡ ይበቃዋል።

ከዚህ ጎን የቆመው ሌላው ሥርዓታችን በላ ልበልሃ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ሁለቱም ዋስ ይጠራሉ፤ ውርርድ ይገባሉ። ቃል ዋጋ ነበረው፤ በሐሰት የተናገረ በገንዘቡ ይከፍላልና። የጎጃም የቅኔ ጉባኤም የተመሠረተው በዚሁ መንፈስ ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ስልት የሚማረው ተማሪ ቅኔውን በዱር ሲቆጥር ውሎ በመምህሩ ፊት ይነግራል። መምህሩ በጓደኞቹ መካከል ያርመዋል፤ ቤቱ ካልመታ አልመታም፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ አልገጠመም ይለዋል። እርማቱ መራራ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም የሚታረመው ቅኔው ነው፤ አራሚውም በስሙና በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው የሚናገረው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ቅርስ ይዘን የቱን መረጥን? ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ትምህርት ቤት የድራማ ክበብ አጭር ተውኔት ጽፌ ነበር። ያለ ዕድሜዋ አልዳርም የምትል ልጃገረድ ታሪክ ነው። ገና በልምምድ ላይ ሳለን አንድ ሰው ግማሽ ደቂቃ የምትሆን ምስል በስልኩ ቀርጾ፣ ባለቤቱ በማይታወቅ ገጽ ላይ «ባህላችንን የምታዋርደው እዩዋት» ብሎ ለጠፈው። የተዋናይቷን ስም ከነአባቷ፣ ሰፈሯን ጭምር ጻፈ። ተውኔቱን ያየ አንድ ተመልካች እንኳ አልነበረም፤ ፍርዱ ግን ተፈርዶ አደረ። በማግስቱ አባቷ ቤቴ መጥተው በረንዳው ላይ ቆሙ። «መምህር፣ ድርሰትህ ክፉ ከሆነ አንተን ይስደቡህ፤ ልጄ ምን አጠፋች?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጅቷ ክበቡን ተወች፤ ተውኔቱም አልታየ። እኔ ደግሞ በስሜ ወጥቼ «ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ጥያቄ ያለው እኔን ይጠይቅ» ማለት ሲገባኝ፣ ወሬው እስኪበርድ ብዬ ዝም አልሁ። ያልተጻፈ ሂስና ያልታየ ተውኔት፣ አሜሪካና ደምበጫ፣ ከዚህ በላይ እንዴት ይመሳሰሉ?

ነገሩ ከመድረክ መውረድ ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በክልላችን ርእሰ ከተማ በባሕር ዳር፣ በዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩ አንድ ሰው በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። አስቀድሞ በፌስቡክ ላይ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ወጥቶ፣ ከብሔር ማንነታቸው ጋር የተያያዘ ክስ ተሠራጭቶባቸው ነበር። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ደጋግመው ቢያመለክቱም በጊዜው ሰሚ እንዳላገኙ በመግለጽ፣ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በናይሮቢ ከሰሱ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። እንግዲህ «የፌስቡክ ጭቅጭቅ ነው፤ ያልፋል» የምንል ሰዎች ይህን ደጃፍ እናስታውስ። ላላለፈላቸው ሰው አላለፈም።

«ሕግ አለ አይደለምን?» ይባል ይሆናል። አለ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ይከለክላል፤ ይቀጣል፤ የማኅበራዊ መገናኛ ድርጅቶችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ያዝዛል። ሕጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ለካድሬው ጓደኛዬ በግልጽ ልናገር፦ መሥሪያ ቤትህ በተተቸ ቁጥር ይህን አዋጅ እንደ ጋሻ ብታነሣው አዋጁን ራሱን ታረክሰዋለህ። ስሙን ጽፎ፣ ማስረጃ አቅርቦ የሚተችህ ሰው ጠላትህ ሳይሆን ከሌባሻዩ የሚያድንህ ወገንህ ነው። ስሙን ጽፎ መናገር የሚያስፈራበት አገር ስም የለሹን ያበዛዋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በየቀበሌው የተካሄዱት የማጋለጥ ስብሰባዎች «ሂስና ግለ ሂስ» በሚል ቃል ተሸፍነው ስንት ቤት እንዳፈረሱ ከእኛ መካከል ታላላቆቻችን ያውቃሉ። ሂስ የሚለውን ቃል ያኔም ሌባሻይ ወርሶት ነበር።

ለአርቲስቱና ለሐያሲውም የምለው አለኝ። የወዳጃችንን መጽሐፍ ምረቃ ላይ ተገኝተን፣ ሳናነብ የምናወድስ እኛው ነን። የትውውቅ ሂስ፣ የአበል ሂስ፣ የግብዣ ሂስ የለመደ ሕዝብ ለሐያሲ ክብር አይኖረውም፤ ክብር የሌለው ወንበር ደግሞ ባዶ አይቀመጥም፣ ጯሂው ይወርሰዋል። የአሜሪካው ሁከት የሰውን ጆሮ ያገኘው ሐያሲው ለኩባንያ ማደሩን ሕዝቡ ቀድሞ ስለ ጠረጠረ ነው። የእኛም ዕዳ ከዚህ አይለይም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሁላችን ነው፤ ከባድም አይደለም። ሐያሲ በስሙ ይጻፍ። ያየውን፣ ያነበበውን፣ የተጫወተውን ብቻ ይተች። ከሠሪው ጋር ዝምድና፣ ወዳጅነት ወይም የገንዘብ ግንኙነት ካለው በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይግለጥ። ሥራውን ይንቀፍ፤ የሠሪውን ደጅ፣ ልጆቹንና ሰፈሩን አይጥቀስ። መምህራን በየክፍላችሁ ተማሪው አንድ ፊልም፣ አንድ ግጥም፣ አንድ የስልክ ጨዋታም ቢሆን ገምግሞ፣ ስሙን ጽፎ፣ በጓደኞቹ ፊት ቆሞ እንዲሞግት አድርጉት። ፕሌይ ስቴሽን ቤት ውስጥ ያየኋቸው ልጆች እኮ ይህን ያውቁታል፤ ተሸናፊው ይቆጣል፣ ይከራከራል፣ ነገር ግን አሸናፊውን ዓይኑን እያየ ነው። ሲወጡም አብረው ነው የሚወጡት።

ያችን ልጅ በቅርቡ በገበያ ቀን አገኘኋት። አድጋለች። ተውኔቱን አሁንም እንደያዝሁት ጠየቀችኝ፤ አዎን አልኋት። ዳግም የሚታይ ከሆነ በማስታወቂያው ላይ የደራሲው ስም ከላይ በትልቁ ይጻፋል፤ ነቀፌታ ያለውም አድራሻዬን ያገኝበታል።