ሽምግልና ማለት ጋቢ ተከናንቦ መቀመጥ ነውን?

ሐምሌ ሲገባ የካሳራኒ ሰማይ ይከደናል። ዝናቡ አይዘንብ፣ ፀሐይዋ አትወጣ፤ ግራጫ ደመና ከቆርቆሮውና ከፎቁ በላይ ተዘርግቶ ይውላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ናይሮቢ በዚህ ወቅት ሌሊቱን ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ትወርዳለች። ይህ ለኖርዌይ ሰው የበጋ ጠዋት ነው። ለካሳራኒ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ግን በር የሚያዘጋ፣ ጋቢ የሚያስደርብ፣ ቴሌቪዥን ፊት የሚያስቀምጥ በቂ ምክንያት ሆኗል። «ብርዱ ይለፍና እንወጣለን» ይባላል። ብርዱ በመስከረም ያልፋል፤ ሽማግሌው ግን ከወንበሩ አይነሣም። ያን ጊዜ ደግሞ ጉልበት አለ፣ ደም ግፊት አለ፣ አቧራ አለ፣ ሞተር ብስክሌት አለ። ምክንያት ያጣ ሽማግሌ እስካሁን አልታየም።

ለመሆኑ ሽምግልና መቀመጥ ነው ያለው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ በሞያሌ በኩል ድንበር ተሻግረው ኬንያ ከገቡት መካከል ብዙዎቹ የሠላሳና የአርባ ዓመት ጎልማሶች ነበሩ። በረሃውን በእግራቸው ያቋረጡ፣ በዋልዳና በካኩማ መጠለያዎች ውኃ ተሸክመው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ከመካከላቸው ስልሳ አምስትንና ሰባን ያላለፈ ጥቂት ነው። ያ ሁሉ መንገድ ያላሸነፈውን እግር ሶፋ ሲያሸንፈው ማየት ያሳዝናል። ከዚያ በላይ የሚያሳዝነው ደግሞ ልጆቹም ጎረቤቱም ይህን መሸነፍ ክብር ብለው መጥራታቸው ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ እኛ እንላካለን» የሚለው ቃል የፍቅር ቃል መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን በየቀኑ ሲደጋገም ሰውን ከእግሩ ይነጥለዋል።

ወደ ሰሜን ዓለም ቢታይ ነገሩ ሌላ ነው። በኖርዌይ፣ በስዊድንና በፊንላንድ አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ከልጅነት እስከ እርጅና የሚዘልቅ ልማድ ነው። በቴሌቪዥን እንደሚታየው ከተራራ ቁልቁል እንደ ጥይት የሚወረድበት ዓይነት አይደለም። ቀጭንና ረጅም መንሸራተቻ፣ ተረከዙ ያልታሰረ ጫማ፣ በሁለት እጅ ሁለት ምርኩዝ ነው፤ ዳገቱንም ሜዳውንም በራስ ጉልበት መግፋት ነው። (በሐበሻ ዘንድ አንድ ምርኩዝ የያዘ ሰው «ደከመ» ይባላል። እዚያ ሁለት ሰጥተው ሃያ ኪሎ ሜትር ይልኩታል።)

ስልሳና ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጓደኛሞች ከዜሮ በታች በወረደ ብርድ ማልደው ይገናኛሉ። መጀመሪያ በሰም ጉዳይ ይከራከራሉ። ከመንሸራተቻው ሥር የሚቀባው ሰም እንደ በረዶው ቅዝቃዜ ይለያያልና የዛሬው የትኛው ነው በሚለው ላይ ስምምነት አይገኝም፤ ክርክሩም የወዳጅነታቸው አንዱ ክፍል ነው። ከዚያ ይነሣሉ። አዲስ በረዶ ሌሊቱን ከጣለ መንገድ የለም፤ አንዱ ፊት ወጥቶ በጥልቁ በረዶ ውስጥ መስመር ያወጣል፤ የቀሩት እርሱ ባወጣው መስመር ይከተላሉ። ከባዱ ሥራ የፊተኛው ነው፤ የኋላው ግን ያነሰ ድካም ይደክማል። ስለዚህ ፊተኛው ሲታክት ወደ ጎን ይወጣል፣ ሁለተኛው ይተካዋል፣ እርሱም ወደ ኋላ ተመልሶ ያርፋል። ብርዱ እጅግ ሲበረታ ደግሞ በረዶው እንደ አሸዋ ይሻክርና መንሸራተቻው አልሄድ ይላል። በእንዲህ ያለ ቀን ብቻውን የወጣ ሽማግሌ ቶሎ ይመለሳል ወይም ከነጭራሹ አይወጣም። አምስት ሆነው የወጡት ግን ተራ እየተቀያየሩ ጫካውን ዞረው ይመለሳሉ። ሽማግሌውን ከአልጋው የሚያነሣው ጤናው ብቻ እንዳይመስል፤ ውጭ የሚጠብቁት ሰዎች አሉ።

ይህ የጥቂት ብርቱዎች ወግ አይደለም። በስዊድን ከ1922 ጀምሮ የሚካሄደው የ90 ኪሎ ሜትሩ ቫሳሎፔትም፣ በኖርዌይ እያንዳንዱ ተሳታፊ ሦስት ኪሎ ተኩል ሸክም በጀርባው አዝሎ የሚሄድበት የ54 ኪሎ ሜትሩ ቢርከባይነርም በየዓመቱ ሽበታሞችን ያሰልፋሉ። ከኖርዌይ ወደ ካናዳ የተሰደደው ኸርማን ስሚዝ ዮሃንሰን በሞንትሪያል ሰሜን ባሉት ኮረብታዎች የሸርተቴ መንገድ ሲቀድ ኖሮ፣ መቶ ዓመት ካለፈው በኋላም በበረዶ ላይ ነበር። ያረፈው በ111 ዓመቱ በ1987 ነው፤ የካሳራኒው የሞይ ዓለም አቀፍ ስፖርት ማዕከል ለአራተኛው የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች በተከፈተበት ዓመት መሆኑ ነው። ስደተኛ እንደነበረም ልብ ይባል። የስዊድን ተመራማሪዎች የቫሳሎፔት ተሳታፊዎችን ከቀረው ሕዝብ ጋር አነጻጽረው የሞት መጠናቸው ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝተውታል። እርግጥ ነው፣ ቀድሞውኑ ጤነኛ የሆነ ሰው ነው ወደ እንዲህ ያለው ጉዞ የሚገባው፤ ሁሉንም ለሸርተቴው መስጠት የዋህነት ይሆናል። ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ሲያዝ ስልሳ አምስት ዓመት ያለፋቸውን ከትእዛዙ አላወጣም፤ እንዲያውም መውደቅን ለመከላከል ሚዛን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ጨምሮላቸዋል።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ይኖራል። ለዚህ መልሱ ከካሳራኒ ሩቅ አይደለም። የኤልዶሬቱ ሯጭ ፊሊፕ ቦይት በ1996 ወደ ፊንላንድ ሄዶ ሸርተቴ ተማረ፤ በ1998 ናጋኖ ላይ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክም በ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ተሰለፈ። በ92ኛነት፣ ከሁሉም መጨረሻ ገባ። አሸናፊው ኖርዌያዊው ቢዮርን ዴህሊ ከእርሱ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀድሞ ጨርሶ ነበር። ሽልማቱ ሊሰጥ ሲል ዴህሊ አልቀበልም ብሎ በመጨረሻው መስመር ላይ ቆመ፤ ቦይት ሲደርስ አቀፈው። ቦይት በኋላ የተወለደለትን ልጅ ዴህሊ ብሎ ሰየመው። ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ሰዎች የሚስቁት በበረዶ ላይ በሚንገዳገደው አፍሪካዊ ነው። የሚሳቅበት ነገር ግን የለም። ሃያ ደቂቃ በብርድ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው በካሳራኒ ስንት አለ?

ኢትዮጵያም ከዚህ መስክ አልቀረችም። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ ላይ ባንዲራዋን ይዞ በመግባት በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይም ደግሞታል። በቶሪኖው የ15 ኪሎ ሜትር ውድድር ቦይትም ነበር። ከመርካቶና ከኤልዶሬት ይልቅ ለኦስሎ የቀረበ በሚመስል ነገር ላይ ሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች በአንድ በረዶ ላይ ከታዩ በኋላ «የፈረንጅ ነው» የሚለው ቃል ጉልበት ሊኖረው አይገባም።

«ዕድሜው አልፏል» የሚለውም ሰበብ እንዲሁ በአገር ልጅ ይመለሳል። ማሞ ወልዴ የሜክሲኮውን ማራቶን በ1968 ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ በ1972 ሙኒክ ላይ ሦስተኛ ሲወጣ ደግሞ 40። ሻምበል ዋሚ ቢራቱን የአዲስ አበባ ሕዝብ በእርጅናቸው ዘመን በታላቁ ሩጫ መካከል አይቷቸዋል። ሕዝቡ አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ገባ፤ የሚከተላቸው ሽማግሌ ግን ጥቂት ነው። ሽማግሌን ማድነቅ ከሽማግሌ ጋር አብሮ ከመሄድ ይቀላልና።

አንድ ሰበብ ግን እንደ ሌሎቹ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። በዚሁ ስታዲየም፣ በሚያዝያ 2014፣ «ኡሳላማ ዎች» በተባለው የጸጥታ ዘመቻ ፖሊስ በተለይ ከኢስሊ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ሰብስቦ አምጥቶ ወረቀታቸውን መርምሯል። አብዛኞቹ ሶማሊያውያን ነበሩ። ያን ሰሞን ወረቀቱ ያላለቀለት ስደተኛ ሁሉ፣ የየትም አገር ሰው ቢሆን፣ በሩን ዘግቶ ከርሟል። «ካሳራኒ» የሚለው ስም ለሯጭ ሜዳሊያ ሲሆን ለስደተኛ ሽማግሌ ሌላ ነገር ነው። የመታወቂያው ቀን ያለፈበት አዛውንት ማልዶ መንገድ ላይ ሲታይ ማን እንደሚያስቆመው፣ ምን ብሎ እንደሚመልስ፣ ስንት እንደሚጠየቅ እያሰላ ይወጣል። በዚህ ላይ የእግረኛ መንገዱ በብዙ ቦታ ይቋረጣል፤ ወደ ምዊኪ በሚወስደው ጎዳና ማታቱውና ሞተሩ ሰውን ወደ ቦይ ይገፋሉ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ «ዝም ብለው ይውጡ» ብሎ የሚመክር ሰው ይህን አያውቅም ወይም ረስቶታል።

ነገር ግን ይህ ፍርሃት የሚጠይቀው መፍትሔ ምንድን ነው? ብቻውን የሚወጣ አዛውንት ቢቆም ቋንቋው ይጠፋዋል፣ ስልኩ ካርድ የለውም፣ የሚመሰክርለት የለም። ስዋሂሊ የሚናገሩ ሁለት ሰዎች ያሉበት፣ ቤተሰቡ የት እንደሄደ የሚያውቅለት፣ በየሳምንቱ በአንድ ሰዓት በአንድ መንገድ የሚያልፍና ሱቀኛው ሳይቀር የለመደው የስምንት ሰው ጉዞ ግን ሌላ ነገር ነው። ፍርሃት ሰውን ለየብቻ ዘግቶ ያስቀመጠው ከሆነ፣ ለየብቻ መቀመጥ ፍርሃቱን ሲመግበው ይኖራል። የበረዶው መስመር ነገር እዚህም ያው ነው፤ ፊት የሚወጣው ይደክማል፣ የኋላው ይቀልለታል፣ ስለዚህ መተካካት ያስፈልጋል።

ይህን ማደራጀት የማን ሥራ ነው? እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እድሩና ወደ ማኅበሩ ይመጣል። ኢትዮጵያዊ በሄደበት ሁሉ እድር ያቋቁማል፤ ይህ ከደጋጎቹ ልማዶቹ አንዱ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ መዋጮው በሰዓቱ ይገባል። ከቀብር የቀረ አባል በብዙ እድሮች ደንብ ይቀጣል። ሦስት ወር ሙሉ ከቤቱ ያልወጣ አባልን ሳይጠይቅ የቀረ ግን በየትኛው ደንብ ተቀጥቶ ያውቃል? አስከሬን አገር ቤት ለመላክ በአንድ ሳምንት የሚሰበሰበው ገንዘብ፣ ያ ሰው በሕይወት ሳለ የጫማና የማታቱ ዋጋ ሆኖ ቢወጣ ስንት ዓመት ያስኬደው ነበር? ለሞት እንዲህ የተደራጀ ሕዝብ ለመኖር ያልተደራጀው አቅም አጥቶ አይደለም። የቀብር መዋጮ ምስጋናው በአደባባይ ነው፤ ከአንድ አዛውንት ጋር ማልዶ መሄድን ግን ከአዛውንቱ በቀር ማንም አያየውም። የማኅበር መሪዎች ለበዓል የሚመጣውን እንግዳ ለመቀበል ኮሚቴ ሲያቋቁሙ በአንድ ምሽት ይጨርሳሉ፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ኮሚቴም አልተሰየመ፣ አጀንዳም አልተያዘ። ይህ መወቀስ አለበት።

ወጪው ደግሞ ሲታይ የሚያሳፍር ነው፤ ከማነሱ የተነሣ። በረዶ የለም፣ ሰም አያስፈልግም፣ መንሸራተቻ አይገዛም። የስሜኖቹ ሸርተተኞች እንኳ በረዶ በሌለበት ወራት ጎማ በተገጠመለት መንሸራተቻ አስፋልት ላይ ይለማመዳሉ፤ ለካሳራኒው አዛውንት ግን ምርኩዝና የሚመች ጫማ ይበቃዋል። ከቲካ መንገድ ወዲህ ያሉ ጸጥ ያሉ የመኖሪያ ሰፈር መንገዶች አሉ። አቅም ያለው በወር አንድ ጊዜ ዋንጋሪ ማታይ ከመሬት ተቀራማቾች ወደ ታደገችው ካሩራ ደን ቢሄድ፣ መግቢያው ቢከፈልም ጥላውና አየሩ ዋጋውን ይመልሳል። የልብ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ በብርድ ድንገት መጣደፍ ለልብ አደጋ ነው። እናቶችን «እቤት ሥራ አለባቸው» ብሎ መተውም አይገባም። እነርሱ ገበያ ስለሚወጡ ከወንዶቹ የተሻለ እግር እንዳላቸው ማንም ያውቃል፤ ምናልባትም መስመሩን መጀመሪያ ማውጣት ያለባቸው እነርሱ ናቸው።

ደንቡም ረጅም አይሁን። ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉ ቀርፋፋው ይሁን፤ እርሱ ፊት ይሂድ እንጂ ከኋላ እየተጎተተ አይቅር። ዛሬ ያልመጣ ሰው ቤቱ በር ላይ ይንኳኳ፤ «ጋሼ፣ ምነው ጠፉ?» ይባል፤ ታምሞ ከሆነ ጉዞው እዚያው ያብቃና ቡናው እዚያው ይፈላ። እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቅዳሜ ይሁን፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት። ሰዓቱን ለኬንያዊው ጎረቤት ለማስረዳት እንኳ ችግር የለም፤ በስዋሂሊም ያው «ሳ ሞጃ» ነው፣ አንድ ሰዓት።