ስለ አራስ ዕረፍትና ስለ ሕፃናት አጠባበቅ

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ሐርቡን የሚያውቃት ሰው የፀሐይዋን ብርታት አይዘነጋም። በቅርብ ቀን ለሥራ ወደዚያ ወርደን ሳለን በመንገዱ ዳር ጃንጥላ ዘርግታ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ሴት አየን፤ ከጃንጥላው ሥር ሕፃን ተኝቷል። «እታለም፤ ከተገላገልሽ ስንት ቀን ሆነሽ?» ብለን ብንጠይቃት «ዛሬ ሃያ አንድ ቀኔ ነው ጋሼ፤ ሽንኩርቱ እስካርባ ቀን አይጠብቀኝም» አለችን። ስለዚህ ነገር ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

በወሎ አራስ ብዙ ክብር አላት። የመዠመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ ገንፎው ይገነፋል፤ አጥሚቱ ይሞቃል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ባዶ እጁን አይገባም። እስካርባ ቀን ድረስ ውሃ ቅጂ፤ እንጨት ልቀሚ የሚላት የለም። ይኸ ማንም ሳይጽፈው የኖረ ያራስ ፈቃድ ነው። ዳሩ ግን እናቷ ለሞተችባት ወይም ዘመዶቿ በሩቅ ላሉባት ሴት ሥርዓቱ በስም ብቻ ይቀርላታል።

የተጻፈውን ሕግ የተመለከትን እንደሆነ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ለሠራተኛ እናት ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃድ ፈቅዷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፤ ከወለደች በኋላ 60 ቀን ይል ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ግን የኋለኛውን 90 አደረገው፤ ለአባትም ከሙሉ ደመወዝ ጋር 3 ቀን ሰጠው። (ሦስት ቀን ለገንፎው እንኳ አይበቃም የሚሉ አሉ፤ እኛም አንቃወማቸውም።) በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋ ልጅ ይኸን ሕግ ይዛ ልትከራከር ትችላለች።

ሐኪሞች ግን ሕፃን እስከ 6 ወር የናቱን ጡት ብቻ ይጥባ ይላሉ፤ ፈቃዱም በ3 ወር ያልቃል። የቀረውን ጊዜ የሚሸፍነው በሥራው አጠገብ የሚገኝ የሕፃናት ማቆያ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ባንድ መሥሪያ ቤት ለዚሁ የተለየችው ክፍል አሮጌ መዝገብ ተከምሮባት አየን፤ የመዝገብ ሰዎች ስለሆንን አፈርን።

በካናዳ ኬቤክ በሚባለው ክፍለ አገር በፈረንጆች 1997 የሕፃናት ማቆያ ዋጋ ለወላጅ በቀን 5 ዶላር እንዲሆን ተደነገገ፤ በኋላ ጨመረ እንጂ። ከ2006 ዠምሮ ደግሞ የወላጆች መድን ቆሟል፤ በዚህም እናት እስከ 18 ሳምንት፤ አባት እስከ 5 ሳምንት ከደመወዛቸው ከፊሉን ያገኛሉ። ከሁሉ ያስደነቀን ግን ገንዘቡን የሚያዋጡት ሠራተኛውና አሠሪው ብቻ አለመሆናቸው ነው፤ በራሱ የሚነግደውም ያዋጣል፤ ሲወልድም ይቀበላል። ባገራችን የፈቃዱን ደመወዝ አሠሪው ብቻውን ስለሚችል፤ ወጣት ሴት ከመቅጠር የሚሸሽ አይታጣም፤ ሽንኩርት ሻጯንስ አሠሪ የሌላት ስለሆነች ሕጉ ከቶ አያውቃትም።

ወሎ ግን ቅሬ አለው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ፤ ቡናው፤ ቀባሪው በመዋጮ ይቀርባል። ከዚሁ መዋጮ ጥቂቱ ተለይቶ ቢቀመጥ የአርባ ቀን የሽንኩርት ትርፍ የማይተካበት ምክንያት አይታየንም። ይኸን ለሴትዮዋ ብንነግራት ሕፃኑን አንሥታ እያጠባች «ቅሬያችንማ ደኅና ነው ጋሼ፤ ስሞት ይመጣልኛል» አለችን።