«አይገባውም» የተባለው ልጅ

ገበሬ ወንድሜ፣ ገበሬ እኅቴ! እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሠላሳ ከብት ነድቶ ወጥቶ፣ ማታ ሲመለስ አንዲት ጊደር ብትጎድል ሳይቆጥር በዓይኑ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ደደብ ነው? ገበያ ላይ የበግ ዋጋ ሲሰላ ከአባቱ ቀድሞ መልሱን የሚናገር ልጅ ጭንቅላት የለውም? ኧረ አለው ትላላችሁ። ታዲያ ይኸው ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደሉ አልያዝ ሲለው፣ «ይኼ አይገባውም፣ ከብቱን ይጠብቅ» ብለን የምናስቀረው ስለምንድን ነው?

እኔ የምለው እንዲህ ያለው ልጅ ከትምህርት ቤት መውጣት የለበትም ነው። የሚያስፈልገው ለብቻው፣ በራሱ እርምጃ የሚያስተምረው ሰው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤትን የምታውቁ አስታውሱ። የኔታ ልጆቹን ሁሉ እኩል አያስኬዱም። አንዱ ገና ሀ ሁ ይቆጥራል፣ ሌላው መልእክተ ዮሐንስ ጀምሯል፣ ሦስተኛው ዳዊት ይደግማል። ሁሉም አንድ ዛፍ ሥር ናቸው። ቀድሞ ያወቀው ልጅ የኋለኛውን ያስቆጥራል። የአቡጊዳም ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ልጁ ሀ ሁ ሂን በቃሉ እንደ ዘፈን ይወጣዋል፣ ፊደሉን ግን አያየውም። አቡጊዳ ተራውን ሲያዘበራርቅበት የቱን እንደሚያውቅ፣ የቱን እንደማያውቅ ይለያል። አለንጋውን ግን አላመሰግንም፤ እሱ ይቅር።

የዛሬው ክፍል ሌላ ነው። በአንዳንድ ቦታ ከ60 በላይ ልጆች በአንድ መምህር ፊት ይቀመጣሉ። ሁሉም አንድ ላይ ይጮኻሉ፤ ያላወቀውም አብሮ ይጮኻል። መምህሩ በምን ይወቁት? በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ የንባብ ጥናት ብዙ የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታይቷል። እነዚህ ሁሉ ደደቦች ናቸው? አይመስለኝም።

ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱ ልጅ ትራኮማ ይዞት ወይም ዓይኑ ደክሞ ሰሌዳው አይታየውም። ሌላው ጆሮው ይመግላል። እነዚህን ጤና ጣቢያ ወስዶ ማሳየት፣ ክፍል ውስጥም ከፊት ማስቀመጥ ነው። ከዚህ ሌላ ደግሞ ዓይኑም ጆሮውም ደኅና፣ አእምሮውም ብሩህ ሆኖ የፊደልን ቅርጽ ከድምፁ ጋር ማገናኘት የሚያስቸግረው ልጅ አለ። ሐኪሞች ዲስሌክሲያ ይሉታል። በዘር ሊወርድ ይችላል። ስንፍና አይደለም፣ በዱላም አይለቅም። ፊደላችን 33 ነው፤ እያንዳንዱ 7 እየሆነ 231 ይደርሳል። ቢና ቤ የሚለያዩት በእግራቸው ጫፍ ብቻ ነው። እናንተም ስትማሩ ስንት ጊዜ እንደሳታችኋቸው ታውቃላችሁ።

ለዚህ ልጅ መላው ክፍሉን ከመስከረም ጀምሮ እንደገና መድገም አይደለም። የሚያውቀውን ፊደል ዓመት ሙሉ ቢደግም ምን ያደርግለታል? ያልያዘውን መፈለግ ነው። ፊደሎቹን አዘበራርቆ ማሳየት፣ የሳታቸውን ለይቶ መጻፍ። ከዚያ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ብቻ፤ በጣቱ አመድ ላይ እየጻፈ፣ ድምፁን እያወጣ። ሩብ ሰዓት ይበቃል፣ ግን በየቀኑ መሆን አለበት። የትናንቱን ሳይጠይቁ ወደ አዲስ መሄድ የለም። ሲሳሳት በወንድሞቹ ፊት መሳቅም የለም።

«መምህሩ ጊዜ የላቸውም» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። እንግዲያው በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነጋገሩና ስድስተኛ ክፍል የደረሱት ልጆች ከትምህርት በኋላ ታናናሾቻቸውን ያስቆጥሩ። «እኔም ገና ትናንት ነው የተማርኩት» የሚልም አለ። ይኼማ ይሻላል! ፊደል እንዴት እንደሚያስቸግር ገና አልረሳውማ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፈተና ያላለፈውን አዋቂ «አይገባህም» ብሎ አላሰናበተም፤ የማካካሻ ትምህርት ሰጠው። ለአያት የተደረገው ለልጅ ልጅ እንዴት ይከለከላል?

ስለ ሴቶቹ ልጆች ደግሞ ልናገር። ወንዱ ሲከብደው አንድ ዓመት ይጨመርለታል። ሴቷን ግን «ድሮም አይሆንላትም» ብሎ ወደ ቤት ሥራ፣ ከዚያም ወደ ባል መላክ ይቀድማል። ከማስወጣታችሁ በፊት ሄዳችሁ መምህሯን ጠይቁ። ስንተኛ ወጣች አትበሉ፤ የትኞቹን ፊደሎች ነው የምትስተው በሉ። መምህሯ መልሱን ካላወቁት፣ ልጅቷን እስካሁን ለብቻዋ ያያት ሰው የለም ማለት ነው።