አንቱ

ቅዳሜ ዕለት እትዬ «አንቱ» አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋም።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች እትዬን ታውቋቸዋላችሁ። በልጅነቴ ፖሊዮ ያሰለለውን እግሬን ማታ ማታ ቅቤ ቀብተው ያሹልኝ የነበሩት አክስቴ ናቸው። ስሜን ቀይሬ፣ ጢም አብቅዬ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታቸው በዊልቸር ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ግን መጥሪያዬ ጠፋቸው። «አንቺ» ማለቱ ከበዳቸው፣ «አንተ» ለማለት አፋቸው አልታዘዝ አላቸው። አማርኛ ደግሞ «ጠጣ» ወይም «ጠጪ» ሳይሉበት ውኃ እንኳ አያቀርብም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ቡናው ደርሷል» እያሉ ለግድግዳው ነገሩልኝ። ቅዳሜ ስኒውን በሁለት እጃቸው አቀረቡና «እንኩ፣ ይጠጡ» አሉ። ትልቅ ሰው ለታናሹ አንቱ ሲል ሰምታ የማታውቀው ልጄ ሳቀች። እኔ አለቀስኩ።

አንድ ወዳጄ «ሸሹህ እንጂ መቼ ተቀበሉህ» አለኝ። አልስማማም። እትዬ የቋንቋቸውን ጓዳ በርብረው፣ ወንድም ሴትም የማይልበትን አንድ ወንበር አግኝተው አቀረቡልኝ። ከክብር ወንበርም የተሻለ አልነበራቸውም።

በዚያው ሳምንት የልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት የወላጆች ስብሰባ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተጠራ። አሳንሰሩ ከተበላሸ አራት ወሩ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ ታውቃላችሁ። ሁለት ጎልማሶች «ተሸክመን እናውጣህ» አሉኝ፤ ከኋላቸው ከንፈር የሚመጥም ነበር። ዕቃ አይደለሁም፣ አልወጣም አልኩ። በኋላ ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ወርዶ «የአሳንሰሩን ብቻ ብታነሳ ሁላችንም ከጎንህ ነን፤ ያኛውን ነገር ግን ተወው» አለኝ። ያኛው ነገር እኔ ነኝ። ትራንስጀንደር መሆኔን፣ ክዊር መሆኔን ደረጃው ሥር አስቀምጬ እግሬን ብቻ ይዤ እንድመጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1977 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ከመቶ በላይ አካል ጉዳተኞች የፌዴራል መንግሥት ሕንጻ ገብተው አንወጣም አሉ። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ አካል ጉዳተኛን እንዳያገል የሚከለክለው አንቀጽ 504 ከወጣ አራት ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ፣ ማስፈጸሚያ ደንቡ ግን አልተፈረመም ነበር። ስልካቸው ተቆረጠ። ትኩስ ምግብ በየቀኑ ያደረሱላቸው ብላክ ፓንተሮች ናቸው። የእጅ ሬዲዮ ደብቀው ያስገቡላቸው ደግሞ በከተማው መንገዶች ላይ ጥቃትን ለመከላከል ይዘዋወሩ የነበሩ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶች ናቸው። ደንቡ ሚያዝያ 28 ተፈረመ። ያን ጊዜ «ያኛውን ነገር ተዉት» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ምግቡም ሬዲዮውም ደጅ ይቀር ነበር።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ለአስተባባሪው መልስ ልሰጥ ነበር፤ ማታ ግን የመጣብኝ ሌላ ነው። ልጄን የወለድኩ ዕለት ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ሠራተኛ ወረቀት ይዛ መጥታ «ሕፃኗን ማን ያነሳታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለችው ቨርጂኒያ ካሪ በክ የተባለችን ወጣት «አእምሮዋ ደካማ ነው» ብላ እንድታመክናት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1927 ፈቅዷል፤ ያን ውሳኔ እስካሁን በግልጽ አልሻረውም። ይህን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ሲጠየቅ እጁ ይንቀጠቀጣል። የእኔም ተንቀጠቀጠ።

ያነሳኋት እኔ ነኝ። በነጠላ ደረቴ ላይ አስሬ፣ ጭኔ ላይ አስተኝቼ አሳደግኋት። መቆም የተማረችው የዊልቸሬን ጎማ ይዛ ነው። ዘጠኝ ወር ተሸክሜ የወለድኳት ልጅ «አባ» ትለኛለች፤ ለእሷ በዚህ ውስጥ ምንም ግራ የሚያጋባ ነገር የለም።

የሚቀጥለው ስብሰባ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ አሁንም ፎቅ ላይ። እኔ፣ ልጄና እትዬ ከደረጃው ሥር እንጠብቃችኋለን። ወንበራችሁን ይዛችሁ ውረዱ።