ልጃችሁን ራሱን ሲያመው ከኪኒኑ በፊት እንቅልፉን ጠይቁ

ራሱን ደጋግሞ የሚያመውን ልጅ ይዛችሁ ስትመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ምን መድኃኒት ይሻለዋል?» ነው። የእኔ ግን «ሌሊቱን እንዴት ያድራል?» ነው።

ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ዙሪያ ገጠር ብዙ ተማሪዎች ከተማ ቤት ተከራይተው ይማራሉ። ስንቃቸውን ከቤት ይዘው ይመጣሉ፤ እንቅልፋቸውን ግን የሚቆጣጠርላቸው የለም። አንዱ ሲተኛ ሌላው መብራት አብርቶ ያጠናል፤ ወይም ስልክ ሲነካኩ እኩለ ሌሊት ያልፋል። ገጠር የቀረችውም ልጅ ማታ የቤቱን ሥራ ጨርሳ ታጠናለች፣ ዶሮ ሲጮህ ውኃ ልትቀዳ ትነሳለች። ጠዋት ቁርስ የለም። ረፋድ ላይ ራስ ምታቱ ይጀምራል፣ አንድ ኪኒን ይዋጣል። ነገም እንዲሁ።

እንቅልፍ ማጣት ራስ ምታት ያመጣል፤ ራስ ምታቱ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል። ይህን አዙሪት ኪኒን ብቻውን አይሰብረውም። እንዲያውም ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ከተወሰደ፣ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል።

«ብዙ የሚተኛ ልጅ ሰነፍ ነው» የሚለውን አባባል ብንተወው ደስ ይለኛል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ፈተና የደረሰበትም ቢሆን፤ ያጠናውን የሚይዘው የተኛ አእምሮ ነው።

እነዚህን ሞክሩ፦
👉 ቅዳሜና እሁድን ጨምሮ የመተኛና የመነሻ ሰዓቱ አንድ ይሁን።
👉 ስልክ ከመኝታው ይራቅ።
👉 ከቀትር በኋላ ቡናና ሻይ ይቅር።
👉 ቁርስና ውኃ አይጓደል።
👉 በተዘጋ ክፍል ከሰል አይቀጣጠል፤ ጭሱ ባይታይም ራስ ያሳምማል፣ ይገድላልም።
👉 ለሁለት ሳምንት የተኛበትን፣ የተነሳበትንና ያመመውን ሰዓት፣ የዋጠውንም ኪኒን በደብተር ይጻፍ። ለሐኪም ይህ ትልቅ መረጃ ነው።
👉 ሲተኛ ሁልጊዜ የሚያንኮራፋ ከሆነ ቶንሲሉ ይታይ።

ነገር ግን ሁሉም ራስ ምታት የእንቅልፍ አይደለም። ትኩሳት ካለ «ምች ነው» ብላችሁ አታቆዩት፤ ወባ ያለበት አካባቢ ነንና ደሙ ይመርመር። ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው፣ ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሰው፣ ዓይኑ የደበዘዘ፣ አንገቱ የደረቀ፣ አካሄዱ የተለወጠ ወይም የሚጥለው ልጅ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይምጣ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንቅ ስታቀብሉት «ትምህርት እንዴት ነው?» ብቻ አትበሉ። «ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» በሉት።