ሻንሲው ይጠንክር ወይስ ጭነቱ ይቀንስ?

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ፣ አባያን በቀኝ ትታችሁ ትንሽ እንደተጓዛችሁ ወደ ግራ የምትታጠፉባት ቦታ አለች። የጨንቻ ዳገት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ ቢበዛ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስታችሁ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ነው የምትደርሱት። ታች ሙዝ፣ ላይ አፕል! ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ አባያንና ጫሞን፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይን ሲያይ፣ እኛ ግን (አመል ነው መቼም) ከፊታችን የሚወጣውን አይሱዙ ወገብ እናያለን። ኩርባው ላይ ሲደርስ ጋቢናው ወደ አንድ ጎን፣ ካሶኒው ወደ ሌላው ጎን ዘንበል ይላል። መሃል ላይ የሚጠማዘዘው ሻንሲው ነው።

ሰሞኑን ከጓደኞቻችን ጋር ያጨቃጨቀንም ይኸው ሻንሲ ነው። ነገሩ የተነሳው በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ከተሠሩት ጉልበተኛ የአሜሪካ መኪኖች ነው። እነ ፎርድ ሙስታንግንና ሸቭሮሌት ካማሮን የሚወዱ ሰዎች ከፋብሪካው ውጪ የተሠሩ ማጠንከሪያ ብረቶችን እየገዙ ይገጥሙላቸዋል። አንዱ ወዳጃችን ቪዲዮውን አየና ሳቀ። «ይቺን ነው እንዴ ጉድ የምትሏት? የኛ አገር በያጅ ስንት ዘመን ሻንሲ ሲያጠነክር ኖሮ የለም እንዴ?» አለን። ለአገሩ ልጅ ሙያ መቆርቆሩን እንወድለታለን። ግን ተሳስቷል ባይ ነን።

ሙስታንግ በ1964 ሲወጣ ራሱን የቻለ ሻንሲ አልነበረውም። ወለሉ፣ ጎኑና ጣሪያው እርስ በርስ ተበይደው ሸክሙን አብረው ይሸከማሉ። የዶርዜን ቤት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይከብደውም። ቤቱ ከቀርከሃ የተሸመነ ነው፤ ምስጥ ሥሩን ሲበላው ሰዎች ተሰብስበው እንዳለ ያነሱትና ሌላ ቦታ ያስቀምጡታል። አይበተንም፤ አንዱ ስንጥር ሸክሙን ለሌላው ያካፍላላ! አሁን ግን ከላይ ቆርጣችሁ ጣሉትና እስቲ አንሱት። ጣሪያቸው የሚገለጥ መኪኖች ችግር ይኸው ነው፤ ለዚህም ፋብሪካው ራሱ ከሥራቸው ብረት ይጨምርላቸዋል።

ጉልበተኛ ሞተር እንዲህ ባለ ስስ ላሜራ ላይ ተቀምጦ ዓመታት ሲያልፉ አካሉ መጠማዘዝ ይጀምራል። በሩ አልገጥም ይላል። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ አካሉ ራሱ እንደ ባሌስትራ የሚተጣጠፍ ከሆነ እውነተኛው ባሌስትራና አሞርዛተር ሥራቸውን በአግባቡ መሥራት አይችሉም፤ መኪናውም መሪ አይሰማም። ስለዚህ የፊቱንና የኋላውን የወለል ብረት የሚያገናኝ ዘንግ ከሥር ይበየዳል። ከሞተሩ ግራና ቀኝ አሞርዛተሩ የሚያርፍባቸው ማማዎችም ከኋላቸው ካለው ግድግዳ ጋር በብረት ይታሰራሉ። ፎርድ ለዚህ የሚሆን አንድ ወጥ ብረት ነበረው፤ «ኤክስፖርት ብሬስ» ይሉታል። ስሙ ራሱ ለውጭ አገር መንገድ የታሰበ መሆኑን ይናገራል። ልብ በሉ! በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ኩንታል ጨምሬ ልጫንበት ያለ ሰው የለም።

አይሱዙ ሌላ ፍጥረት ነው። ሻንሲው እንደ መሰላል ነው፤ ሁለቱ ረጃጅም ብረቶች ደግሞ አንድ ጎናቸው ክፍት ነው። የጫማ ካርቶን ክዳኑን አንስታችሁ በሁለት እጃችሁ ጠምዝዙት፤ እሺ ይላችኋል። ክዳኑን ገጥማችሁ በፕላስተር ለጥፉትና ድገሙት፤ እምቢ ይላል። አምራቹ ጎኑን ክፍት የተወው ለስስት ብቻ አይደለም። መንገዱ ሲጎረብጥ ሻንሲው ትንሽ እየተጠማዘዘ ጎማዎቹ ሁሉ መሬት እንዲረግጡ ነው።

እኛ ጋ ምን ይደረጋል? ባሌስትራው ላይ ቅጠል ይጨመራል፤ ከዚያ ጭነት ይጨመራል። ሻንሲው ተሰነጠቀ? ላሜራ ይለጠፍበታል። ደግሞ ተሰነጠቀ? ወፍራም ላሜራ! የተለጠፈበት ቦታ አልታጠፍም ሲል መታጠፉ ሁሉ ላሜራው ባለቀባት መስመር ላይ ይከማቻል፤ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ደጋግማችሁ ስታጥፉት እንደሚበጠሰው። ብረቱ በፋብሪካ በሙቀት ታክሞ የጠነከረ ከሆነ ደግሞ የብየዳው እሳት አጠገቡን ያለሰልሰዋል። የከባድ መኪና አምራቾች በሻንሲው የላይና የታች ከንፈር ላይ አትብሱ፣ አትበይዱ እያሉ የሚያስጠነቅቁት ወደው አይደለም።

«እሺ፣ ባለመኪናው ምን ይሁን?» ትሉን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለውን መኪና እየጠገኑ ማኖር የግድ ሆኗል። በያጁንም እየከሰስን አይደለም። አንድ ጋራዥ ውስጥ የአሮጌ ላንድሮቨር ሻንሲ ሲጠገን ቆመን አይተናል። የላንድሮቨር ሻንሲ እንደ ሳጥን ዝግ ስለሆነ የሚዝገው ከውስጥ ነው፤ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ወረቀት ይሆናል። ሰውዬው በመዶሻ መታ መታ እያደረገ ድምፁን አዳመጠ፤ የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቆርጦ ጣለ፤ አዲሱን ላሜራ ጫፉን ሰያፍ አድርጎ ቆረጠው። ለምን ሰያፍ እንዳደረገው ስንጠይቀው «ቀጥ ካለ እዚሁ ጋ ይሰነጥቃል» አለን። መሐንዲስ ከዚህ የተለየ አይነግራችሁም!

ታዲያ ይህን የሚያውቅ በያጅና የማያውቅ በያጅ በዓይን አይለዩም። እኛ የምንለው፣ ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ፍሬንና መብራት ሲያይ ከሥር ገብቶ ሻንሲውንም በደንብ ይይ፤ የተበየደበት ቦታና የበየደው ጋራዥ ከመኪናው መዝገብ ጋር ይያያዝ። የተበየደ ሻንሲ የሚፈቀድለት ጭነት ቢቀንስ እንጂ አይጨምር። ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ሰልፍ ትሉናላችሁ። እናውቃለን፤ ሰልፉን እኛም አንወደውም። ነገር ግን ከጨንቻ ቁልቁል አፕል ጭኖ የሚወርድ መኪና ወገቡ ቢከዳው ሾፌሩ ብቻውን አይደለም የሚሄደው፤ ኩርባው ላይ በግራም በቀኝም ሰው አለ።

እስከዚያው ግን ዳገቱን ለመውጣት መኪና ስትኮናተሩ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ጎንበስ በሉ። የኋላው ባሌስትራ ሻንሲው ላይ የሚታሰርበትን ቦታ እዩ። ከተለጠፈ ላሜራ ጫፍ የምትጀምር ቀጭን የዝገት መስመር ካያችሁ እሷ ስንጥቅ ልትሆን ትችላለች። ሾፌሩ «ኧረ እሷ የቆየች ናት» ቢላችሁም ሌላ መኪና ጠይቁ።